በመኸር ወራት በመኪና ለመዞር፦ ሲሲሊ፣ ሰርዴኛ፣ ቀርጤስ ወይስ ቆጵሮስ?

ከሜዲትራኒያን ደሴቶች አንዱን በኪራይ መኪና ለመዞር የሚያስብ ሰው አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ ደሴቱን ይመርጣል፤ ቀኑን ደግሞ የዓመት ፈቃዱ እንደፈቀደለት ይወስናል። በጁላይና በኦገስት ይህ አካሄድ ብዙም አይጎዳም፤ በእነዚያ ወራት ሁሉም ደሴቶች ደረቅ፣ ሞቃትና በሰው የተጨናነቁ ናቸውና። ከሴፕቴምበር አጋማሽ እስከ ኖቬምበር መጨረሻ ባለው ጊዜ ግን ልዩነቱ ይሰፋል፤ በአንደኛው ደሴት ሰዎች ገና ባሕር ውስጥ እየዋኙ ሳለ፣ በሌላኛው የባሕር ዳር ሆቴሎች ተዘግተው፣ ምግብ ቤቶችም ወንበራቸውን ሰብስበው ይገኛሉ። ስለዚህ ትኬት ከመቁረጥ በፊት ወሩን ቁርጥ አድርጎ መያዝ፣ ደሴቱንም ከዚያ ወር ጋር እንዲስማማ አድርጎ መምረጥ ይበጃል። ሲሲሊን፣ ሰርዴኛን፣ ቀርጤስንና ቆጵሮስን ከዚህ በታች የማነጻጽረው በዚህ መነሻ ነው። የወራቱ ስም በአውሮፓ አቆጣጠር፣ የቀኑ ሰዓት ደግሞ በእኛ አቆጣጠር መጻፉን አንባቢ ልብ ይበል።

ስፋታቸው የጉዞውን ርዝመት ስለሚወስን እሱን ማስቀደም ይገባል። ሲሲሊ ወደ 25,700፣ ሰርዴኛ ወደ 24,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሰፉ የሜዲትራኒያን ቀዳሚ ሁለት ደሴቶች ሲሆኑ፣ ቆጵሮስ 9,251፣ ቀርጤስ ደግሞ 8,300 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ናቸው። ይህን ቁጥር ብቻ ያየ ሰው ቀርጤስ በሦስት ቀን ታልቃለች ብሎ ሊያስብ ይችላል። ነገር ግን ቀርጤስ ከምሥራቅ እስከ ምዕራብ 260 ኪሎ ሜትር ገደማ ትረዝማለች፤ መካከሏንም ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ያላቸው ተራሮች ይዘውታል። ከሐንያ ከተማ እስከ ኤላፎኒሲ የባሕር ዳርቻ ያለው 75 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ መንገድ አንድ ሰዓት ተኩል የሚፈጀው በዚህ ምክንያት ነው። በእኔ ግምት በአንድ ሳምንት ሳይጣደፉ ሊዞሩ የሚችሉት በቆጵሮስ መንግሥት ቁጥጥር ሥር ያለውን የደሴቲቱን ደቡባዊ ክፍል ብቻ ነው፤ ለሌሎቹ ሦስቱ ግማሹን መርጦ ግማሹን ለሌላ ጊዜ መተው ይሻላል። የኦክቶበር የመጨረሻ እሑድ ሰዓቱ ወደ ኋላ ከተመለሰ በኋላ በሲሲሊ ከቀኑ 11 ሰዓት ገደማ፣ በቆጵሮስ ደግሞ ከዚያም ቀደም ብሎ ፀሐይ ስለምትጠልቅ፣ በቀን ከሦስት ሰዓት በላይ የሚያስነዳ ዕቅድ የያዘ ሰው ብዙውን ነገር በጨለማ አልፎት ይሄዳል።

ከአራቱ ቀድሞ የሚቀዘቅዘው ሰርዴኛ ነው። እስከ ኦክቶበር አጋማሽ ድረስ ባሕሩ ከ21 እስከ 23 ዲግሪ ስለሚሆን መዋኘት ይቻላል፤ ከዚያ በኋላ ግን የሰሜን ምሥራቁ የኮስታ ስሜራልዳ ሆቴሎች አብዛኞቹ ይዘጋሉ፣ ነፋሱም ይበረታል። ባሕር ፈልጎ በኖቬምበር ወደ ሰርዴኛ የሚሄድ ሰው ገንዘቡን አጉል ቦታ እንዳዋለ ይቆጠራል። ተራራማው የደሴቱ መሐል፣ ባርባጃ የሚባለው አካባቢ ግን ከዚህ በተለየ መንገድ በመኸር ነው የሚደምቀው። ከሴፕቴምበር እስከ ዲሴምበር ባሉት የሳምንት መጨረሻ ቀናት መንደሮቹ ተራ በተራ የድሮ ቤቶቻቸውን ግቢ ለእንግዳ ከፍተው ዳቦ አጋገሩን፣ አይብ አሠራሩን፣ ሽመናውን ያሳያሉ፤ ማሞያዳ፣ ኦርጎሶሎና ኦሊዬና ከእነዚህ መንደሮች መካከል ናቸው። ከካሊያሪ እስከ ሰሜኑ ፖርቶ ቶሬስ የሚዘልቀው ዋና መንገድ ክፍያ የለውም፤ በደሴቱም ላይ የክፍያ መንገድ የሚባል ነገር የለም። በዶርጋሊና በባውኔይ መካከል ከ1,000 ሜትር በላይ ወጥቶ የሚወርደው ጠመዝማዛ መንገድ ለብቻው አንድ ሙሉ ቀን ሊሰጠው ይገባል።

ለማየት ከሆነ ከአራቱ ሁሉ የበለጸገችው ሲሲሊ ናት ብዬ አምናለሁ፤ ይህም በመኸር ይበልጥ ይገለጣል። በአግሪጀንቶ ያሉት፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዘመን የተሠሩት የግሪክ ቤተ መቅደሶች ጥላ በሌለው ተረተር ላይ ስለተዘረጉ በኦገስት ቀትር እነሱን መጎብኘት ስቃይ ነው፤ በኦክቶበር ግን ከሰዓት በኋላውን በሙሉ በእግር እየተዘዋወሩ ማየት ይቻላል። በ1693 በደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ፈርሰው በማር ቀለም ድንጋይ እንደገና የተገነቡት ኖቶና ራጉሳም በተዘቅዛቂው የመኸር ብርሃን ውበታቸው ይጎላል። በሐዋርያት ሥራ ላይ ጳውሎስ ወደ ሮም ሲወሰድ ሦስት ቀን እንደቆየባት የምናነባት ሰራኩስ የዛሬዋ ሲራኩሳ ናት። የከተማዋ ካቴድራል የተገነባው ጥንት ለግሪኮች ሴት አምላክ ለአቴና የቆመውን ቤተ መቅደስ ዓምዶች በግድግዳው ውስጥ ይዞ ስለሆነ፣ ወደ ጎን ብሎ የሚያይ ሰው ወፋፍራሞቹ ዓምዶች ከግንቡ ገፍተው ወጥተው ያያቸዋል፤ አንዳንዶቹም ዘመም ብለዋል። ዝናብ ለያዘው ቀን ደግሞ በፒያሳ አርሜሪና አቅራቢያ ያለው የሮማውያን መኖሪያ ጥሩ መጠለያ ነው፤ የወለሉ ሞዛይክ በጣሪያ ሥር የተጠበቀ ነውና።

ዝናቡን በቁም ነገር መውሰድ ያስፈልጋል። በበጋው የሞቀው ባሕር ለመኸሩ ዝናብ ጉልበት ስለሚሰጠው፣ ውኃው ቀኑን ሙሉ እያካፋ ሳይሆን በጥቂት ሰዓት ውስጥ በኃይል ይወርዳል፤ በኦክቶበር 2021 የካታኒያ ጎዳናዎች ወንዝ የሆኑት በዚህ ዓይነት ዝናብ ነው። የኤትና እሳተ ገሞራ አመድ በሚተፋበት ጊዜም የካታኒያ አየር ማረፊያ ለሰዓታት ሊዘጋ ስለሚችል፣ በጉዞው የመጨረሻ ቀን ጠበቅ ያለ ቀጠሮ አለመያዝ ብልህነት ነው። ከ3,300 ሜትር በላይ ወደሚረዝመው ወደዚህ ተራራ በሚያወጡት መንገዶች ላይ ከኖቬምበር 15 ጀምሮ የበረዶ ጎማ ወይም የጎማ ሰንሰለት መያዝ ግዴታ ነው፤ መኪናውን ስንረከብ ሰንሰለቱ መኖሩን ማረጋገጥ የእኛ ፋንታ ነው።

በሲሲሊም ሆነ በሰርዴኛ ከተሞች የእንግዳ ሾፌርን ኪስ በብዛት የሚጎዳው ለነዋሪ ብቻ የተፈቀደው የከተማ ክልል ነው። መግቢያው ላይ ቀይ ክብ ያለበት ነጭ ምልክትና ካሜራ ይቆማል፤ ከሥሩ ያለው የኤሌክትሪክ ሰሌዳ «ቫርኮ አቲቮ» ካለ መግባት ክልክል ነው፣ «ቫርኮ ኖን አቲቮ» ካለ ደግሞ ይቻላል። በስህተት የገባ ሰው በዕለቱ የሚያስቆመው ፖሊስ ስለማይኖር ምንም እንዳልሆነ ያስባል፤ ቅጣቱ ግን ከወራት በኋላ፣ አከራዩ ለአገልግሎት ከሚያስከፍለው ተጨማሪ ገንዘብ ጋር ቤቱ ድረስ ይመጣል። ስለዚህ በፓሌርሞ፣ በካታኒያና በሲራኩሳ ከአሮጌው ከተማ ውጪ መኪና ማቆሚያ ያለው ማረፊያ መያዝ፣ ዋጋው ጥቂት ቢጨምርም፣ ያዋጣል። የመንገድ ክፍያው ራሱ ከባድ አይደለም፤ ከመሲና ወደ ካታኒያና ከመሲና ወደ ፓሌርሞ የሚወስዱት አውራ ጎዳናዎች ያስከፍላሉ፣ ከፓሌርሞ ወደ ካታኒያ በደሴቱ መሐል የሚያቋርጠው ግን ነጻ ነው።

ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድና አንድ ሳምንት ለያዘ ሰው በኦክቶበር አንዱን ምረጥ ብባል ምዕራብ ቀርጤስን እመርጣለሁ። ባሕሩ በወሩ አጋማሽ ገና 23 ዲግሪ ገደማ ነው፤ የበጋው ሕዝብ ሄዷል፤ የመንደር ምግብ ቤቶች ግን አልተዘጉም። በሰሜኑ ዳርቻ የሚዘረጋው ዋና መንገድ በአብዛኛው ለእያንዳንዱ አቅጣጫ አንድ መስመር ብቻ ያለው ስለሆነ፣ ቀስ ብሎ የሚነዳ ሰው መኪናውን በከፊል ወደ ዳሩ አውጥቶ ከኋላው ያለውን ያሳልፋል። ይህ የአገሩ ልማድ ቢሆንም ከኩርባ በኋላ ዳሩ ላይ የቆመ መኪና ሊያጋጥም ስለሚችል፣ እንግዳ ሰው በቀጥታው መንገድ ላይ ብቻ ቢያደርገው ይመረጣል።

የሳማርያ ገደል 16 ኪሎ ሜትር ገደማ በእግር የሚወረድ ሲሆን እስከ ኦክቶበር መጨረሻ ብቻ ክፍት ነው፤ ዝናብ ከዘነበም ከዚያ በፊት ይዘጋል። የገደሉ መውጫ አጊያ ሩሜሊ የመኪና መንገድ ስለሌላት ወደ ሱያ ወይም ወደ ሖራ ስፋኪዮን በጀልባ መሻገር ግድ ነው። ስለዚህ መኪናን ላይ፣ መውረዱ በሚጀመርበት በኦማሎስ አቁሞ መውረድ ማታ ራስን ከመኪናው ጋር በተራራ መለየት ነው፤ በዚያ ቀን መኪናውን ሐንያ ትቶ በአውቶቡስ መሄድ ይቀላል። ለቀሪዎቹ ቀናት በ1866 በኦቶማኖች ላይ በተነሳው ዓመፅ የሚታወሰው የአርካዲ ገዳም፣ የኢራክሊዮን ሙዚየምና የጥንቱ የክኖሶስ ቤተ መንግሥት ፍርስራሽ አሉ፤ ክኖሶስ ከሌሎች አምስት የሚኖስ ዘመን (የጥንታዊው የቀርጤስ ሥልጣኔ) ማዕከላት ጋር በ2025 በዩኔስኮ መዝገብ ሰፍሯል። ደቡቡን ዳርቻ የመረጠ ሰው በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 27 የተጠቀሰውን መልካም ወደብ ያገኛል፤ በዚያ ታሪክ ጳውሎስን የያዘችው መርከብ በማዕበል የተያዘችው የጉዞው ወራት በማለፉ፣ በዚሁ በመኸር ነበር። ዛሬም በደቡቡ የጀልባ መርሐ ግብር የሚሰረዘው በነፋስ ነውና አንድ ትርፍ ቀን መያዝ ተገቢ ነው።

ከኦክቶበር መጨረሻ ጀምሮ በቀርጤስ መንደሮች ከወይን ጭማቂ የተረፈው ገለባ በመዳብ ጋን ተጥዶ ራኪ ይወጣል። ጠብታው በቀጭኑ ቱቦ ሲወርድ፣ ድንች በፍሙ ላይ ሲጠበስ፣ ጎረቤት ተጠራርቶ ሲሰበሰብ ያየ ኢትዮጵያዊ የገጠሩ አረቄ የሚወጣበት ቀን ትዝ ይለዋል። የሚነዳው ሰው ግን ከመቅመስ ይታቀብ፤ ራኪው ብርቱ ነው፣ የግሪክ ሕግም ጥብቅ ነው።

በኖቬምበር ብቻ ፈቃድ ላገኘ ሰው ቆጵሮስ ያለ ጥርጥር ቀዳሚ ናት። በወሩ አጋማሽ ባሕሯ 22 ዲግሪ ገደማ ሆኖ ይቆያል፤ ላርናካ፣ ሊማሶልና ጳፎስ ዓመቱን ሙሉ ሰው የሚኖርባቸው ከተሞች ስለሆኑም በወቅት አይዘጉም። አውራ ጎዳናዎቿ ነጻና ሰፊ ናቸው፤ ከላርናካ ጳፎስ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ነው። በኢትዮጵያ መንዳት የለመደ ሰው በብርቱ ሊያስብበት የሚገባው ግን በቆጵሮስ የሚነዳው በግራ በኩል መሆኑ ነው። የኪራይ መኪኖች ቀይ ሰሌዳ ስላላቸው የአገሩ ሾፌሮች እንግዳ መሆንዎን አይተው ይታገሣሉ፤ ሆኖም በመጀመሪያው ቀን አደባባይ ላይ መደናገር አይቀርም፣ ስለዚህ ለዚህች ደሴት ከሌላው ሁሉ ይልቅ አውቶማቲክ መኪና መከራየት ይመከራል። ለኦርቶዶክስ አማኝ ቆጵሮስ የምትሰጠውን ሌሎቹ አይሰጡም፦ ጌታ ከሞት ያስነሣው አልዓዛር በኋላ ጳጳስ ሆኖ አገልግሎባታል በሚባልባት በላርናካ በስሙ የቆመ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ በትሮዶስ ተራራ ደግሞ በዩኔስኮ የተመዘገቡ 10 ሥዕላማ አብያተ ክርስቲያናትና የኪኮስ ገዳም ይገኛሉ። ከ1974 ጀምሮ ወደተከፈለው ሰሜን ለመሻገር የሚያስብ ሰው የደቡቡ የመኪና መድን እዚያ እንደማይሠራ፣ አንዳንድ አከራዮችም መሻገሩን ጨርሶ እንደሚከለክሉ ይወቅ።

በቀርጤስና በቆጵሮስ ረቡዕና ዓርብ ለሚጾም ሰው ችግር የለም፤ «ኒስቲሲሞ» ብሎ መጠየቅ ይበቃል። በጣሊያን ደሴቶች ግን ቅቤ፣ አይብና እንቁላል እንዳይገባ እየዘረዘሩ መናገር ያስፈልጋል።

ጉዞውን የሚወስኑት ወረቀቶች ሁለት ናቸው። ሲሲሊ፣ ሰርዴኛና ቀርጤስ በሼንገን ቪዛ ይገባባቸዋል፤ ቆጵሮስ የአውሮፓ ኅብረት አባል ብትሆንም ይህ እስከተጻፈበት ጊዜ ድረስ በሼንገን ውስጥ የለችም፤ ስለዚህ ለአንድ መግቢያ ብቻ የተሰጠ ቪዛ ይዞ ከአውሮፓ ወደ ቆጵሮስ የተሻገረ ሰው መመለሻውን ያጣል። ከቴል አቪቭ ላርናካ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ያህል ብቻ ስለሆነ በእስራኤል ለሚኖሩ ወገኖች ይህች ደሴት ትቀርባለች፤ ከአዲስ አበባ ለሚነሳ ግን በሮም በኩል ሲሲሊ ትቀላለች። ሁለተኛው የመንጃ ፈቃድ ነው፤ ከአውሮፓ ኅብረት ውጪ የወጣ መንጃ ፈቃድ ያለው ሰው ዓለም አቀፉን ፈቃድ አብሮ ይያዝ።

የአየር መንገዶች የበጋ መርሐ ግብር ከኦክቶበር የመጨረሻ እሑድ በፊት ባለው ቅዳሜ ያበቃል፤ ከዚያ በኋላ ወደ ሐንያና ወደ ሰርዴኛዋ አልጌሮ የሚደረጉ ቀጥታ በረራዎች ስለሚቀንሱ ኢራክሊዮንን ወይም ካሊያሪን ማየት ግድ ይላል። መኪናውን ስንከራይ ከዕለት ኪራዩ ይልቅ ጉዳት ቢደርስ ከኪሳችን የሚወጣውን መጠንና በክሬዲት ካርድ የሚታገደውን መያዣ ማነጻጸር ይገባል። ካርዱ በዋናው ሾፌር ስም ካልሆነ መኪናው ላይሰጥ ይችላል። «ሙሉ ዋስትና» የሚል ውልም ቢሆን ጎማና የመኪናውን ሆድ የሚያስቀር አንቀጽ ሊኖረው ስለሚችል፣ በቀርጤስ ወደ ባሎስ እንደሚወስደው ያለ ኮሮኮንች መንገድ ላይ ለመንዳት ያሰበ ሰው ያንን አንቀጽ ፈልጎ አንብቦ ይፈርም።