የ18 ዓመቱ ይቅር፣ የ12ቱን ድገሙን

ቤቱ አሜሪካ፣ ኬንታኪ፣ ሉዊቪል ከተማ ውስጥ፣ ዊስኪ ሮው ከሚባለው የሜይን ጎዳና ክፍል ጥቂት ራቅ ብሎ ያለ የቡርቦን (በአብዛኛው ከበቆሎ የሚሠራ የአሜሪካ ዊስኪ) ባር ነው። ባንኮኒው ረጅም ነው፣ መብራቱ ደብዘዝ ይላል፣ ሜኑው ደግሞ እንደ ሒሳብ መዝገብ ወፍሯል። መጠጡ የተደረደረው በዕድሜ ነው፤ ከ4 ዓመት ይጀምርና 23 ዓመቱ ፓፒ ቫን ዊንክል ላይ ያበቃል፣ ዋጋውም አብሮ ሽቅብ ይወጣል። የቆየ ሁሉ ይበልጣል ነው ነገሩ። ቤቱ ራሱ የሚያቀርበው ቅምሻ ግን ይህንን ያፈርስበታል።

ቅምሻው ኖብ ክሪክ የሚባል ቡርቦን ሦስት ዓይነት ነው፤ የ9፣ የ12 እና የ18 ዓመት፣ እያንዳንዱ 22 ሚሊ ሊትር ገደማ። ምርጫው ብልህነት አለው። ሦስቱም የጂም ቢም ፋብሪካ ልጆች ናቸው፣ ሦስቱም 100 ፕሩፍ፣ ማለትም 50 በመቶ አልኮል ናቸው። ስለዚህ አፍ ላይ የሚሰማው ልዩነት ከሞላ ጎደል የበርሜሉ ሥራ ነው። የተለያየ ፋብሪካ ጠርሙስ አሰልፎ ስለ ዕድሜ ማውራት፣ የሐረርና የይርጋጨፌ ቡና አፍልቶ ስለ አቆላል እንደ መከራከር ነው።

አቀራረቡ ላይ ግን ተሳስተዋል። ገበታው ሲመጣ 18ቱ በግራ በኩል፣ መጀመሪያ እንዲቀመስ ተደርጎ ነው። ያ ብርጭቆ ታኒን፣ ማለትም ከእንጨቱ የሚወጣው ኮምጣጣ መራራ ነገር፣ የበዛበት ስለሆነ ምላስ ያደርቃል፤ ከሱ በኋላ 9ኙ ሲቀመስ ውሃ የገባበት ጣፋጭ ነገር ይመስላል። ገበታውን አዙሩና ከ9ኙ ጀምሩ።

9ኙ ካራሜል፣ ቫኒላና የተቆላ ለውዝ ይሸታል፤ ሲዋጥ ጉሮሮ ላይ ቆንጠጥ ያደርጋል። ቁንጥጫው የበዛበት ሰው ግማሽ የሻይ ማንኪያ ውሃ ቢጨምርበት አልኮሉ ወደ 45 በመቶ ይወርድና ሽታው ይከፈታል። በረዶ አይመከርም፣ ሽታውን ይዘጋዋል። 12ቱ ላይ ለውዙ ወደ ኋላ ይላል፤ ጥቁር ስኳር፣ ትንባሆ፣ የእንጨት መዓዛ ይመጣል፣ ግን ጣፋጩና ምሬቱ ገና እኩል ናቸው። ከገበታው የተሻለው ይሄ ነው። 18ቱ ቆዳ ቆዳ ይላል፣ መራራ ቸኮሌትና የደረቀ ቼሪ አለው፣ ከዚያ እንጨት፣ አሁንም እንጨት። ጠጅ ላይ ጌሾው ሳይወጣ ሲቆይ የሚመጣውን ምሬት የሚያውቅ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል።

ምክንያቱ በርሜሉ ነው። ቡርቦን በሕግ አዲስ፣ ውስጡ በእሳት የከሰለ የኦክ እንጨት ዕቃ ውስጥ መግባት አለበት። የጠላ ጋን በወይራ ማጠንን የሚያስታውስ ይኖራል፤ እዚህ ግን ጭሱ ብቻ ሳይሆን የእንጨቱ ገጽ ራሱ ከሰል ይሆናል። ከሰሉ የጥሬውን አረቄ የድኝ ሽታ ይመጥጣል፤ ከከሰሉ ሥር ያለው እንጨት ደግሞ ቫኒላውን፣ የተቃጠለ ስኳሩንና ቀለሙን ይሰጣል። በጋ ሲሆን መጠጡ ይሰፋና እንጨቱ ውስጥ ይገባል፣ ክረምት ሲሆን ይወጣል። ጣፋጩ ነገር በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ቶሎ ቶሎ ይወጣል፤ ታኒኑ ግን መውጣቱን አያቆምም። ስኮትላንድ አየሩ ቀዝቃዛ፣ በርሜሉም አብዛኛውን ጊዜ ያገለገለ ስለሆነ እዚያ 18 ዓመት ገና መካከለኛ ዕድሜ ነው። ኬንታኪ ውስጥ ግን ሽምግልና ነው። የመጋዘኑ ፎቅም ይለያል፤ ላይኛው ፎቅ ሞቃት ስለሆነ እዚያ ያለው በርሜል ቶሎ ይበስላል፣ ቶሎም ይመራል።

ዋጋው ለምን እንደሚንር ለማየት ትንሽ ሒሳብ ይበቃል። በርሜሉ 200 ሊትር ይይዛል። በዓመት 4 በመቶ ይተናል ብንል 9 ዓመት ላይ 138 ሊትር ገደማ ይቀራል፣ 18 ዓመት ላይ ግን 96 ብቻ። የሚከፈለው ለጣዕሙ ብቻ ሳይሆን በአየር ለጠፋው መጠጥም ነው።

ሜኑው ላይ መታረም ያለበት ስህተት አለ። ኤላይጃ ክሬግ ስሞል ባች የሚባለውን ቡርቦን "12 ዓመት" ብለው ጽፈውታል። ያ ቁጥር ከጠርሙሱ ላይ የተነሣው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው፤ ከዚያ ወዲህ ከ8 እስከ 12 ዓመት የሆናቸው በርሜሎች ድብልቅ ነው። ጠርሙስ ላይ የሚጻፈው ዕድሜ የድብልቁ ትንሹ ዕድሜ ስለሆነ፣ አንድ የ8 ዓመት በርሜል ከገባበት 12 ሊባል አይችልም። በ12 ዓመት ዋጋ ማስከፈላቸው ደግሞ ያስቆጣል።

በ18 ዓመቱ ኖብ ክሪክ የሚሠራ ኦልድ ፋሽንድም (ዊስኪ ከስኳርና ቢተርስ ከሚባል የመራራ ቅመም ጠብታ ጋር የሚደባለቅበት ኮክቴል) ይሸጣሉ። ገንዘብ ማባከን ነው። ስኳሩና ቢተርሱ የተከፈለበትን ሁሉ ይሸፍኑታል። ለዚህ መጠጥ ቦትልድ ኢን ቦንድ የሚል ጠርሙስ ይበቃል፤ እ.ኤ.አ. በ1897ቱ ሕግ መሠረት ቢያንስ 4 ዓመት የቆየ፣ 100 ፕሩፍ፣ ከአንድ ፋብሪካና ከአንድ ወቅት የወጣ ማለት ነው። ጉልበት አለው፣ በረዶ ሲቀልጥም አይጠፋም።

ምግቡ ደህና ነው። ሆት ብራውን፣ እዚሁ ከተማ ብራውን ሆቴል እ.ኤ.አ. በ1926 የተፈጠረው፣ ዳቦ ላይ የተርኪ ሥጋና የሞቀ የአይብ ሶስ ተደርጎበት ይመጣል። አሳማ የማይበላ ሰው ቤከኑን ያስቀር፤ ሳይጠይቁ ከላይ አጋድመው ነው የሚያመጡት። ከ12ቱ ጋር ሲበላ የአይቡ ስብ ታኒኑን ያለሰልሰዋል። ሶሱ ግን ጠርዙ ላይ ተለያይቶ ዘይት አውጥቶ ነበር፤ ከምድጃው ከወጣ በኋላ ቆይቷል ማለት ነው።

ከማዘዝ በፊት መደርደሪያውን ማየት ያስፈልጋል። ውዶቹ ጠርሙሶች ቶሎ አያልቁም፤ 18ቱ ከሩብ በታች ወርዶ ቆሞ ነበር። ቡርቦን ጠርሙስ ውስጥ አያረጅም፣ ከተከፈተ ግን አየሩ ሲበዛ ሽታው ወር በወር ይሳሳል። ጠርሙሱን አሳዩኝ ማለት እዚያ ቤት ነውር አይደለም፤ አስተናጋጆቹ አውርደው ያሳያሉ።