የመኪና ወንበር ቆዳ ቀለም፦ በኮድ ወይስ በናሙና?

የቶዮታ የቆዳ ወንበር ሊያስቀቡ ነው? ቀለሙን ለማመሳሰል አንዱ መንገድ የፋብሪካው የቀለም ኮድ ነው። የሹፌሩን በር ሲከፍቱ ምሰሶው ላይ በተለጠፈው ጽሑፍ «ሲ/ቲአር» (C/TR) የሚል መስመር አለ። እዚያ ከተጻፈው ኮድ ውስጥ ከዘንባላው ሰረዝ (/) በፊት ያለው የውጭው ቀለም ነው፤ 040 ለምሳሌ ነጭ ነው። ለወንበሩ የሚፈለገው ከሰረዙ በኋላ ያለው ነው፤ ብዙ ሰው ግን የፊተኛውን ይዞ ይሄዳል። ለጃፓን ገበያ በተሠሩት ላይ ብዙ ጊዜ ኮፈኑን ከፍቶ ማየት ያስፈልጋል።

ሌላው የራስ መደገፊያውን ነቅሎ፣ አጥቦ፣ ቀለም ለሚቀምመው መውሰድ ነው። ኮዱ የሚናገረው ስለ ፋብሪካው ቀለም ነው፤ ፀሐይ የበላው ቆዳ ያንን አይመስልም። እኔ ሁሉም ወንበር የሚቀባ ከሆነ ኮዱን፣ የሹፌሩ ብቻ ከሆነ ናሙናውን እመርጣለሁ። ብቻ ቀለሙ ሳይደርቅ አይፍረዱ።