ናፍጣ ፒክአፕ ስትገዙ፦ ከፋብሪካ የመጣው የትሬለር ፍሬን ኮንትሮለር ወይስ በኋላ የሚገጠመው?

ባለፉት ሁለት ወራት ብቻ አምስት ሰው ደውሎ አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠይቆኛል። አንዱ ከዳላስ፣ አንዱ ከሚኒያፖሊስ፣ ሦስቱ እዚሁ አውሮራ፣ ኮሎራዶ ናቸው። ሁሉም በፒክአፕና በትሬለር መኪና ማመላለስ ሊጀምሩ አስበዋል፤ ሁሉም ያገለገለ 2500 ወይም 3500 የሚባለውን ከባድ ፒክአፕ እያዩ ነው። ጥያቄው ይሄ ነው፦ የትሬለር ፍሬን ኮንትሮለር (ፔዳሉን ስትረግጡ የትሬለሩንም ፍሬን የሚያስይዘው ዕቃ) ከፋብሪካ ያለበትን ልግዛ፣ ወይስ የሌለውን በርካሽ ወስጄ ላስገጥም? በስልክ ሳወራ ግማሹን እየረሳሁ ስለምዘጋ አንዴ በጽሑፍ ላስቀምጠው።

መልሴን ከፊት ልናገር። የዋጋ ልዩነቱ ከ2,000 ዶላር ካልበለጠ ከፋብሪካው ያለበትን ግዙ። ከበለጠ፣ ወይም መኪናውን ቀድማችሁ ከገዛችሁ፣ ቴኮንሻ ፕሮዲጂ ፒ3 አስገጥሙ። ከዚያ በታች ያለውን በነፃ ቢሰጧችሁም አትቀበሉ። ይሄን የምለው በ39 ዶላር ልገላገል ብዬ ከ1,000 ዶላር በላይ ስለከፈልኩ ነው።

የመጀመሪያ መኪናዬ የ2008 ራም 3500 ነበረች። ከኋላ መከላከያው ላይ ባለሰባት ቀዳዳ ሶኬት ነበራት፤ ሻጩም "ለትሬለር ዝግጁ ናት" አለኝ። አመንኩት። ያኔ ያላወቅሁት ሶኬት ማለት ኮንትሮለር ማለት አለመሆኑን ነው። በዚያ ሶኬት መብራቱም ፍሬቻውም ይሠራል፣ የትሬለሩ ባትሪም ይሞላል። የፍሬን ኃይል የሚሄድበት ሰማያዊው ሽቦ ግን ከፊት ኮንትሮለር ካልተገጠመለት ባዶውን የተዘረጋ ሽቦ ነው። እስካሁን ከደወሉልኝ አምስት ሰዎች ሦስቱ ሶኬቱን አይተው "አለው" ብለውኛል። ክሩስኮቱ ላይ የመደመርና የመቀነስ ቁልፍ፣ ከጎኑም በጣት የሚጨመቅ የእጅ ፍሬን ካላያችሁ የለውም።

እና ከኢንተርኔት በ39 ዶላር ገዛሁ። ካርቶኑ የታወቀውን ዕቃ ይመስላል፤ ስሙ የሚለየው በአንድ ፊደል ነው። ይሄ ዓይነቱ በሰዓት የሚሠራ የሚባለው ነው። ፔዳሉን ስትነኩ የሚያውቀው የፍሬን መብራት መብራቱን ብቻ ነው። በስሱ ነካችሁት ወይስ ሕፃን ፊታችሁ ገብቶ ረገጣችሁት፣ ለእሱ አንድ ነው፤ ቆጥሮ ቆጥሮ የሞላችሁለት መጠን ላይ ይደርሳል። ጠዋት ጠዋት አውራ ጎዳና 225 ላይ መኪና ሲጨናነቅ ፔዳሉን በነካሁ ቁጥር ትሬለሩ ከኋላ ጎትቶ ያናውጠኛል። እሱን ሽሽት መጠኑን ዝቅ አደረግሁት።

ዝቅ እንዳደረግሁት ነው ሦስት መኪና ጭኜ በአውራ ጎዳና 70 ወደ ምዕራብ፣ ወደ ተራራው የወጣሁት። የአይዘንሃወር ዋሻ ከባሕር ጠለል በላይ 11,158 ጫማ ላይ ነው፤ ከዋሻው ወጥቶ ወደ ሲልቨርቶርን የሚወርደው ቁልቁለት እስከ 7 በመቶ ይደርሳል። ፍሬን ለከዳቸው መኪኖች የተሠራው የጠጠር መሸሻ መንገድ እዚያ ያለው በምክንያት ነው። ግማሽ ሳልደርስ የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሽታ ገባኝ፤ ፔዳሉ እየሰመጠ ሄደ። ትሬለሩ አይይዝም፤ ሁሉንም ሸክም የያዘው የፒክአፑ ፍሬን ብቻ ነው። ማርሽ ቀንሼ በእግዚአብሔር ቸርነት ዳር ያዝኩ። የፊት ዲስክና ሸራ 640 ዶላር። ከዚያ በፊት ባዶውን ስጎትት ተቆልፈው እየተንሸራተቱ አንድ ቦታ ላይ ጠፍጥፈው የተበሉት ሁለት የትሬለር ጎማዎች 340። ዕቃው ራሱ 39። ድምሩን ደብተሬ ላይ እስካሁን አለ፦ 1,019 ዶላር። ሳጥኑን ስከፍተው ውስጡ ያሉት ሽቦዎች የስልክ ቻርጀር ሽቦ ያህላሉ። ከ7,000 ፓውንድ አክስል ሁለት ያለው ትሬለር አራት የፍሬን ማግኔት አለው፤ እያንዳንዱ 3 አምፔር ገደማ ይስባል፤ 12 አምፔር በዚያ ክር ነበር የሚያልፈው።

ከዚያ ፒ3 ገዛሁ። 165 ዶላር፣ ለመኪናው የሚሆነው መሰኪያ ሽቦ ደግሞ 20 ዶላር። ሜካኒክ አያስፈልግም፤ ከመሪው ሥር ፋብሪካው የተወው ሶኬት አለ፣ መሰካት ነው። ልዩነቱን በመጀመሪያው የትራፊክ መብራት ላይ ነው ያወቅሁት። ፒ3 ውስጡ ያለው መለኪያ መኪናው ፍጥነቱን ምን ያህል እየቀነሰ እንደሆነ ያውቃል፤ በስሱ ስትይዙ በስሱ፣ ስትረግጡ በኃይል ይሰጣል። ለትሬለሩ ስንት ቮልት እየላከ እንደሆነ መስኮቱ ላይ ይጽፋል፤ ሽቦ ሲነካካ ወይም ትሬለሩ ሲላቀቅም ይናገራል። መኪናውን ስሸጥ ነቅዬ ወሰድኩት። የወንድሜ ፎርድ ላይ ዛሬም ይሠራል፤ የቀየርነው የ20 ዶላሩን መሰኪያ ብቻ ነው። ለዋጋው ይሄን የሚያህል ዕቃ አላየሁም፤ ለዚህ ነው ሁለተኛ ምርጫዬ ብዬ ሳልሸማቀቅ የምናገረው።

ታዲያ ለምን ሁለተኛ? በረዶ። ፒ3 የሚያውቀው መኪናው ፍጥነቱን ሲቀንስ ነው። በረዶ ላይ ፔዳሉን ረግጣችሁ የፒክአፑ ጎማ ከተንሸራተተ የመኪናው ፍጥነት አልቀነሰም፤ ስለዚህ ትሬለሩ እንዲይዝ በምትፈልጉበት ሰዓት የሚልከው ኃይል ትንሽ ነው። የፋብሪካው የሚያነበው የፍሬን ዘይቱን ግፊት፣ ማለትም እግራችሁን ነው። ከመኪናው ኤቢኤስ (ጎማ እንዳይቆለፍ ከሚከላከለው) ጋርም ስለሚነጋገር ጎማ ሲንሸራተት የትሬለሩን ኃይል አብሮ ያስተካክላል። አሁን የምነዳት የ2016 ራም ይሄ አላት። በመጀመሪያው ክረምት ከኮሎራዶዋ ጆርጅታውን ስመለስ የተሰማኝን በቃል ማስረዳት ይከብደኛል፤ ትሬለሩ ከኋላዬ መኖሩን ረስቼ ነበር።

ፎርድ በሱፐር ዲዩቲ ላይ ከ2005 ጀምሮ፣ ራም በ2500 እና 3500 ላይ ከ2010 ጀምሮ ኮንትሮለሩን ከፋብሪካ ያቀርባሉ። ያቀርባሉ ማለት ግን ሁሉም ላይ አለ ማለት አይደለም፤ ለሥራ ተብለው የታዘዙት ባዶ ባዶዎቹ ላይ ብዙ ጊዜ የለም። እኔ መኪናዬን ስፈልግ ሁለት ተመሳሳይ መኪኖች አግኝቼ ነበር፤ ያለውና የሌለው ልዩነታቸው 1,800 ዶላር ነበር። አሥር ቀን አሰብኩበት። የሌለውን ገዝቶ የፋብሪካውን ዕቃ በኋላ ማስገባትም ይቻላል፤ ዕቃው፣ ሽቦውና በኮምፒውተር ማስከፈቱ ተደምሮ የተጠየቅሁት 520 ዶላር ነበር። ያንን ያልመረጥኩት ቀድሞ ሌላ ሰው ጋ ሞክሮ የተቃጠለ አይቼ ነው፤ ዕቃው ገባ፣ መኪናው ግን አላወቀውም፣ ሦስት ጊዜ ተመላልሶ በመጨረሻ ፒ3 ገጠመ።

የፋብሪካው ጉድለት ሲበላሽ ነው። ነቅላችሁ ሌላ አትሰኩም። አንድ ጓደኛዬ ስህተት የሚል ጽሑፍ ክሩስኮቱ ላይ መጣበትና ወሰደው፤ ኮንትሮለሩ ይቀየር ተብሎ 610 ዶላር ከፈለ፤ ጽሑፉ በሳምንቱ ተመለሰ። ጥፋቱ የትሬለሩ ነጩ ሽቦ፣ አፈሩ (የኤሌክትሪኩ መመለሻ)፣ ዝጎ ነበር። በሽቦ ብሩሽ አሥር ደቂቃ። ኮንትሮለር ተበላሸ ብለው ከሚያመጡልኝ ግማሹ የአፈር ሽቦ ነው፤ ሌላው የፍሬኑ ሸራ ከድራሙ ርቆ ሳይጠበቅ የከረመ ነው። በቴስተር ሳትለኩ ዕቃ አትግዙ።

ሌላም አለ። ትሬለሩ ከመኪናው ቢላቀቅ ራሱ ፍሬን የሚይዝበት ገመድና ትንሽ ባትሪ አለው፤ ሕጉ ቢያንስ 15 ደቂቃ ይዞ እንዲቆይ ያዛል። እሱን ስትፈትሹ ቀድማችሁ ሶኬቱን ንቀሉ። ተሰክቶ እያለ ፒኑን ብትመዙ የትሬለሩ ባትሪ በሰማያዊው ሽቦ ወደ ኋላ ተመልሶ ኮንትሮለሩን ሊያቃጥለው ይችላል። አንድ ፒ3 እንደዚያ ሲሞት ዓይኔ እያየ ነው።

በስልክ የሚታዘዙ ሽቦ አልባዎችም አሉ። ትሬለር በዓመት ሁለቴ ለሚከራይ ሰው ይሁንለት። ለዕለት እንጀራ ግን የእጅ ፍሬኔን ስልክ ውስጥ መፈለግ አልፈልግም።

የትኛውንም ብትገዙ ካልለመዳችሁት ዋጋ የለውም። እኔን ያስተማሩኝ እዚህ ከተማ ረዥም ዘመን የነዱ አንድ ጋሼ ናቸው። እሁድ ጠዋት ባዶ የገበያ አዳራሽ ግቢ ወሰዱኝ። "ልጄ፣ መጀመሪያ አሙቀው" አሉኝ፤ ፍሬኑን እየነካካሁ ጥቂት ዞርኩ፤ ቀዝቃዛ ፍሬን ላይ የተሞላ መጠን ሲሞቅ ይለወጣል። ከዚያ ደረቅና ደልዳላ ቦታ ላይ በሰዓት 25 ማይል እየሄድኩ ፔዳሉን ሳልነካ የእጅ መጭመቂያውን ብቻ እስከ መጨረሻ ጨመቅሁ። እሳቸው ውጭ ቆመው የትሬለሩን ጎማ ያያሉ። ጎማው ጮኾ ቆመ፤ ጭስ ወጣ። "ቀንስ" አሉኝ። ከ7 ወደ 6፣ ከ6 ወደ 5 ተኩል። ጎማው ሳይቆለፍ አጥብቆ የያዘበት ቁጥር የዚያ ጭነት ቁጥር ነው። ጭነቱ ሲለወጥ ቁጥሩም ይለወጣል፤ የእኔ ባዶውን 3 ተኩል፣ ሦስት መኪና ሲጭን 7 ነው፤ ወረቀት ላይ ጽፌ ፀሐይ መከላከያው ላይ ለጥፌዋለሁ። የእናንተ ሌላ ይሆናል። መጭመቂያው የተሠራው ለሌላም ቀን ነው፦ ትሬለሩ ጭራውን መወዝወዝ ከጀመረ የፒክአፑን ፔዳል አትርገጡ፣ እሱን ብቻ በእርጋታ ጨምቁ፤ ከኋላ ሲያዝ ይቃናል።

ስለ ፍሬን ሞተሩም ይጠይቁኛል። የናፍጣ ሞተር እግር ሲነሳለት እንደ ቤንዚኑ አይይዝም። ስለዚህ ከ2007 አጋማሽ ወዲህ ባለው የራም ናፍጣ ሞተር፣ 6.7 ካሚንስ ላይ ቱርቦው ራሱ ጭሱን አንቆ ሞተሩን ያስይዘዋል፤ አንድ ቁልፍ ነው። ዓባይ በረሃን ከጎሃ ጽዮን ወደ ታች በአይሱዙ የወረደ ሰው ስሜቱን ያውቀዋል። ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት የመጎተቻውን (Tow/Haul የሚለውን) ቁልፍ ክፈቱ፣ ማርሹን ዝቅ አድርጉ፣ ፍሬን ሞተሩን አብሩ፤ ከፍጥነቱ በኋላ ማብራት ትርፉ ትንሽ ነው። እኔ ዛሬ ያንን የሲልቨርቶርን ቁልቁለት ስወርድ ፔዳሉን የምነካው ሦስት አራት ጊዜ ነው፤ የፊት ሸራዬን ከቀየርኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። ግን አንድ ነገር አጥብቃችሁ ያዙ፦ ፍሬን ሞተር የሚይዘው የፒክአፑን ጎማ ብቻ ነው፣ ትሬለሩን አያዝዘውም። በረዶ ላይ የኋላ ጎማ ተይዞ ትሬለሩ ከገፋ መኪናው ይታጠፋል። መንገዱ ነጭ ሲሆን አጥፉት።

እንግዲህ የዳላሱ ወንድሜ፣ አንተ ያለህበት ሜዳ ነው፣ በረዶም ብርቅ ነው፤ ያየኸውን ርካሹን ግዛና 185 ዶላርህን ለፒ3 አውጣ። የሚኒያፖሊሱ፣ አንተ ከፋብሪካው ያለበትን ጠብቅ፤ ሁለት ወር ቢፈጅም ጠብቅ። የአውሮራዎቹ ስለ ተራራው አልነግራችሁም፣ ታውቁታላችሁ።

ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ግን እውነተኛ ትሬለር ሰክታችሁ ሞክሩት። አንዳንዱ የፋብሪካ ኮንትሮለር ትሬለር ካልተሰካበት ምንም ኃይል ስለማይልክ በባዶ ሶኬት ቴስተር ብታስገቡ የሚሠራው የተበላሸ ይመስላችኋል፤ የተበላሸውም ሻጭ በዚያው ሰበብ ያልፋችኋል። አውሮራ ላላችሁት የእኔን ባዶ ትሬለር ይዤ እመጣለሁ። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ይመቸኛል።