ቲሸርት ላይ ለማተም፦ በውሃ የሚሠራ ቀለም ወይስ ፕላስቲሶል?

ስክሪን ህትመት፣ ማለትም ፍሬም ላይ በተወጠረ ስስ ጨርቅ ቀዳዳ ቀለም እያሳለፉ ማተም፣ ልጀምር ነው የሚሉ ወጣቶች መጀመሪያ የሚጠይቁኝ «የትኛው ቀለም ይደምቃል?» ብለው ነው። እኔ ደግሞ መልሼ እጠይቃቸዋለሁ፦ የምትሠሩት ደሴ ነው ኮምቦልቻ? ቀለሙንስ በምን ታሞቁታላችሁ? ብሩ ከኪሳችሁ ከመውጣቱ በፊት እነዚህ ሁለቱ መመለስ አለባቸው።

በውሃ የሚሠራው ቀለም ጨርቁ ውስጥ ሰርጎ ይገባል። ሲደርቅ በእጅ ስትዳስሱት ብዙም አይታወቃችሁም። ነጭ ወይም ፈዘዝ ያለ የጥጥ ቲሸርት ላይ በጣም ያምራል። ሥራ ሲያልቅ ፍሬሙን በውሃ ማጠብ ነው፣ በቃ። ከሁሉ የምወድለት ግን በቤት ካውያ መሥራቱን ነው። ህትመቱ በደንብ ከደረቀ በኋላ ስስ ጨርቅ ደርባችሁ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ትተኩሱታላችሁ። መብራት ከጠፋም የከሰል ካውያ ይሠራል፤ አመዱ እንዳይበን ብቻ ተጠንቀቁ።

ይህን መተኮስ የሚዘሉ ብዙ ናቸው። እኔም ዘልዬ አውቃለሁ። የመጀመሪያ ትእዛዜን ፀሐይ ላይ አድርቄ አስረከብኩ። አንዴ ሲታጠብ ሥዕሉ ደበዘዘ። በራሴ ወጪ እንደገና አትሜ መለስኩላቸው።

ፕላስቲሶል ሌላ ነገር ነው። ፕላስቲክነት ስላለው አየር ላይ አይደርቅም። ማታ ፍሬሙ ላይ ትታችሁት ብታድሩ ጠዋት እንዳለ ታገኙታላችሁ። ለጀማሪ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። ጥቁር ቲሸርት ላይ ነጭ ማተም ከፈለጋችሁም የሚሸፍነው እሱ ነው፤ በውሃ የሚሠራው ተራ ነጭ ጥቁር ላይ ይሳሳል። ግን ቀለሙ እስከ ውስጡ 160 ዲግሪ ገደማ መሞቅ አለበት። ካልሞቀ ላዩ የደረቀ ይመስልና ሲታጠብ ይሰነጠቃል፣ ይላጣል። ስለዚህ ሂት ፕሬስ (እያሞቀ የሚጫን ማሽን) ወይም ሌላ ሙቀቱ የሚለካ ማሽን ያስፈልጋል፤ እሱ ደግሞ መብራት ይፈልጋል። ፍሬሙን ለማጠብም ውሃ አይበቃም፤ ነጭ ጋዝ ወይም የራሱ ማጠቢያ ነው። ሽታው ከባድ ስለሆነ ልጆች ባሉበት ቤት አልመክርም።

አሁን ወደ አገራችን አየር እንምጣ። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። ሐረጎን ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትደርሱ ጃኬታችሁን ታወልቃላችሁ። ቀለሙም ሙቀቱ ይሰማዋል። ኮምቦልቻ በእኩለ ቀን በውሃ የሚሠራው ቀለም ፍሬሙ ላይ ይደርቅና የተወጠረውን ጨርቅ ቀዳዳ ይደፍነዋል። እዚያ በጠዋት አትሙ፤ ውሃ መንፊያ አጠገባችሁ ይኑር፤ መሀል ላይ ለቡና አትነሱ። ደሴ ላይ ቀለሙ ቶሎ ስለማይደርቅ ተረጋግቶ ለመማር ይመቻል። ችግሩ ክረምት ላይ ነው። ጉም ሲወርድ ኢመልሽኑ ማለትም ብርሃን ሲያገኘው እየጠነከረ ሥዕሉን ፍሬሙ ላይ የሚያወጣው መድኃኒት ሌሊቱን ጨለማ ቤት አድሮም ላይደርቅ ይችላል። ሳይደርቅ ብርሃን ካሳያችሁት ውሃ ሲነካው ሥዕሉን ይዞት ይሄዳል።

ኢመልሽን ስትገዙ በውሃ ለሚሠራ ቀለም የሚሆን መሆኑን ጠይቁ። ለፕላስቲሶል ብቻ የተሠራው በሥራ መሀል ይሟሟል። ፍሬሙን አናጺ ቢሠራላችሁ ይበቃል፤ ጣውላ ውሎ አድሮ በውሃ ይጣመማል እንጂ ለመማሪያ አያንስም። የሚወጠረው ጨርቅ 43 ቁጥር ይሁን (ቁጥሩ በአንድ ሴንቲሜትር ያሉት ክሮች ብዛት ነው)፤ 77 ደቃቅ ጽሑፍ ሲመጣ ይደርሳል።

ለኳስ ቡድን 5 ማሊያ ላይ ስምና ቁጥር ብቻ ከሆነ ሥራችሁ፣ ስክሪኑን ተዉት። ተቆርጦ በሂት ፕሬስ የሚለጠፈው ስስ ፕላስቲክ (ቪኒል) ይሻላል።

እኔን ብትጠይቁኝ፣ ቤቱ ሆኖ ለሚጀምር ሰው በውሃ የሚሠራው ይበልጣል። ሂት ፕሬስ ያለው፣ ደንበኞቹም ጥቁር ቲሸርት በብዛት የሚያዙት ከሆነ ግን ፕላስቲሶል ያዋጣዋል። የትኛውንም ብትመርጡ ትንሹን ጣሳ ግዙ። አቡጀዲ ቁረጡና ስታርቹ እንዲለቅ እጠቡት፣ አትሙበት፣ አሙቁት። ከዚያ ሦስት ጊዜ በሳሙና ፈትጋችሁ እዩት። ሥዕሉ ካልደበዘዘ ትእዛዝ ተቀበሉ።