ለሚጮህ ጆሮ የተገዛ የመኝታ ቤት ድምፅ ማሽን፦ ወራት አብሬው ካደርኩ በኋላ

እህቴ ከሜሪላንድ የላከችልኝ ዕቃ ክብና ነጭ ነው፤ ቁመቱ 10 ሴንቲ ሜትር አይሞላም። ሥራው አንድ ብቻ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ዝናብ፣ ሞገድ፣ ፋን ወይም ዝም ብሎ «ሽሽሽ» የሚል ድምፅ ያሰማል። 25 ዶላር ገደማ ከፍላበታለች። ስም ያለው ብራንድ አይደለም። «ይሄን እኮ እዚህ ለሕፃን ነው የሚገዙት» አለችኝ በስልክ እየሳቀች። እውነቷን ነው፣ ካርቶኑ ላይ የተኛ ሕፃን አለ።

እኔ ሳውንድ ማን ነኝ። ሰርግ፣ ምርቃት፣ አንዳንዴም የክለብ ሥራ። ዕድሜዬን የጨረስኩት ስፒከር አጠገብ ቆሜ ነው ማለት ይቻላል። አሁን ሁለቱም ጆሮዎቼ ይጮኻሉ። ቀጭን ፊሽካ፣ ቀንም ሌሊትም። የሙያ ነገር ሆነና ለካሁት። ስልኬ ላይ ቶን ጄኔሬተር (አንድ ወጥ ቃና የሚያሰማ አፕ) ጫንኩ፣ ከ1000 ኸርዝ (የድምፅ ቅጥነት መለኪያ) ጀምሬ ቀስ እያልኩ ወደ ላይ ወጣሁ። 6000 አካባቢ ስደርስ ከጆሮዬ ድምፅ ጋር ገጠመ። የትኛው ከስልኩ፣ የትኛው ከእኔ እንደሆነ መለየት አቃተኝ። ስልኩን ዘጋሁት። ድምፁ ቀጠለ።

ለምን እንደሚጮህ የገባኝ በራሴ ሥራ ቋንቋ ነው። ከማይክ የሚመጣው ድምፅ ደካማ ሲሆን ጌይን (ማጉያውን) ትጨምራላችሁ አይደል? ያኔ ከዘፋኙ ድምፅ ጋር ያ የማይፈለገው «ሽሽሽ» አብሮ ይወጣል። ጆሮም እንደዚያ ነው። ከፍተኛ ድምፅ ውስጠኛው ጆሮ ያሉትን ጥቃቅን የፀጉር ሴሎች ይገድላል፣ እነሱ ደግሞ አይተኩም። አንጎል የሚመጣለት መልእክት ሲያንስበት የራሱን ጌይን ይጨምራል። በብዙ ሰው ላይ ፊሽካው የሚመጣው በዚህ መንገድ ነው ይላሉ ባለሙያዎቹ። የአሜሪካ የሥራ ደህንነት ተመራማሪዎች ያወጡት መጠን 85 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) ለ8 ሰዓት ነው። 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። 100 ላይ ስትደርሱ የተፈቀደላችሁ 15 ደቂቃ ብቻ ነው። የእኛ ሰርግ አዳራሽ ሙሽሮቹ ሳይገቡ 100 ያልፋል። ሽማግሌዎቹ እንኳ ወንበራቸውን ወደ በሩ የሚጎትቱት ወደው አይደለም።

ወደ ማሽኑ ልመለስ። ሃያ ድምፅ አለው ይላል ካርቶኑ። የሚጠቅመኝ ሦስቱ ነው።

ሞገዱ ለእኔ አይሆንም። ይመጣል፣ ይሄዳል፤ በሄደ ቁጥር ፊሽካዬ ብቻዋን መድረክ ላይ ትቀራለች። ፋኑ ወፍራም ነው፣ ከላይኛው ድምፅ ብዙ የለውም፣ ስለዚህ 6000ን አይነካውም። ነጩ ድምፅ ይነካዋል። ነጭ የሚባለው በሁሉም ፍሪኩዌንሲ (ከወፍራም እስከ ቀጭን) እኩል ጉልበት ስላለው ነው። ግን ለጆሮ ስል ነው፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲሰሙት ያደክማል። ሮዝ የሚባለው ድምፅ ደግሞ ፍሪኩዌንሲው እጥፍ በሆነ ቁጥር (በኦክቴቭ) ጉልበቱ 3 ዴሲቤል ስለሚቀንስ ለስለስ ይላል። አብዛኛውን ሌሊት የማድረው በሮዙና በዝናቡ ነው።

«ደን» የሚለውን ግን አትንኩት። አንዲት ወፍ አለች። ሦስቴ ቶሎ ቶሎ ትላለች፣ ትንሽ ዝም ትላለች፣ አራተኛዋን ታስረዝማታለች። ከዚያ ነፋስ። ከዚያ ያችው ወፍ፣ ያንኑ ሦስት፣ ያንኑ ረጅም። ቀረጻው አጭር ነው፣ መጨረሻው ከመጀመሪያው ሲገናኝ ደግሞ ለቅጽበት ቁርጥ ይላል። ጤነኛ ሰው አይሰማው ይሆናል። ሌሊት በ9 ሰዓት ዓይኑ የፈጠጠ ሳውንድ ማን ግን ወፏን ይጠብቃታል። እንቅልፍ ፈልጌ ወፍ ጠባቂ ሆንኩ። እንዲህ ያለ ማሽን ስትገዙ አንዱን ድምፅ ከፍታችሁ ለጥቂት ደቂቃ አዳምጡት። የሚደጋገም ነገር ከለያችሁ ተዉት።

የድምፁ መጠን ላይ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚያማርረው እዚህ ላይ ነው። ፊሽካውን ሙሉ በሙሉ እስኪውጠው አይከፈትም። ፓቬል ያስትሬቦፍ የተባለ ሳይንቲስት በ1990 ባወጣው ሐሳብ ላይ የተመሠረተ ሕክምና አለ። አካሄዱ ቀላል ነው፦ አንጎል ፊሽካውን መላመድ ካለበት እየሰማው መሆን አለበት፣ ከተሸፈነ ምኑን ይለምደዋል? ስለዚህ ማሽኑ ከፊሽካው ትንሽ ዝቅ ይላል። ሁለቱም ይሰማሉ። ጩኸቱ አይጠፋም፣ ግን ከፀጥታው ጋር ብቻውን አይፋጠጥም። ፀጥታ ራሱ ለማንም ደህና ነገር አይደለም። በ1953 ሄለርና በርግማን የተባሉ ተመራማሪዎች ጆሯቸው ጤነኛ የሆነ 80 ሰዎችን ድምፅ በማያስገባ ክፍል አስቀምጠው ነበር። ከሞላ ጎደል ሁሉም አንድ ዓይነት ድምፅ ሰማን አሉ። ይሄን ሳነብ ብቻዬን አለመሆኔ ደስ አለኝ፣ አልዋሽም።

ገመዱ ዩኤስቢ ነው፣ በ5 ቮልት ይሠራል። ከአሜሪካ የመጣ ዕቃ 220 ላይ ተሰክቶ ሲጨስ ላየ ሰው ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ችግሩ ባትሪ የለውም። መብራት ሲሄድ ድርግም፣ ሲመጣም ራሱ አይነሳም። እንግዲህ ፓወር ባንክ ላይ ሰካሁት። እሱም ጥቂት ቆይቶ ይዘጋል! ማሽኑ የሚስበው ኃይል በጣም ትንሽ ስለሆነ ፓወር ባንኩ ምንም የተሰካ አይመስለውም። ዘዴው ስልክም አብሮ መሰካት ነው። ስልኩ እስኪሞላ እንቅልፍ ይወስዳችኋል፣ ካልወሰዳችሁ ደግሞ እንግዲህ ምን ይደረግ። ክረምት ላይ ግን ማሽኑን መሳቢያ ውስጥ እከተዋለሁ። ቆርቆሮ ጣራ ያለው ሰው ከሐምሌ እስከ ነሐሴ 25 ዶላሩን በነፃ ያገኛል።

ባለቤቴ መጀመሪያ ተቆጣች። «ጆሮህ የሚጮኸው አንተ፣ እንቅልፍ የማጣው እኔ!» ልክ ናት። በእኔ በኩል ከትራሱ አጠገብ አድርጌ ድምፁን ስቀንስ ተስማማን። የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ቢኖረው ይሄ ሁሉ ድርድር ባላስፈለገ።

ማሽኑ የማይደርስበት ቀኑ ነው። ይሄ ሕመም ደም የለው፣ እብጠት የለው፣ ሰው ምን አይቶ ይመን? እናቴ «ሰው እያማህ ነው» ትላለች። ሃያ አራት ሰዓት የሚያማኝ ሰው ካለ ዝነኛ ሆኛለሁ ማለት ነው። ጎረቤታችን ጤና አዳም ጨምቃ ጠብ ልታደርግልኝ ነበር። አመስግኜ እንቢ አልኩ፤ የጆሮ ታምቡር ተቀዶ ከሆነ እንዲህ ያለ ነገር ጉዳት ያመጣል። ቡና ላይ ሦስት ሰው በአንዴ ሲያወራ ፊሽካውና ወሬው ይደባለቁብኛል፣ «ምን አልክ?» ማለት ይሰለቸኛል፣ ሳልሰማ ጭንቅላቴን እነቀንቃለሁ። አንድ ሁለት ማህበር ቀረሁ። «ኮራብን» ተባለ። ማንኪያ ወለል ላይ ሲወድቅ ደሜ ይፈላል። ከሁሉ በላይ እንቅልፍ የሚነሳው ግን «በቃ ዕድሜ ልኬን ነው?» የሚለው ጥያቄ ነው። እሱን ሮዝ ድምፅ አይሸፍነውም።

መጀመሪያ የሄድኩበት ክሊኒክ ጆሮዬን በመብራት አይቶ «ምንም የለህም፣ ልመደው» ብሎ ሸኘኝ። ልመደው ማለቱ ትክክል ነው። እንዴት የሚለውን ነው ያልነገረኝ። ሁለተኛዋ ባለሙያ የመስማት ምርመራ አደረገችልኝ፣ የምወስደውን መድኃኒት ሁሉ ጠየቀችኝ። ጄንታማይሲን፣ ስትሬፕቶማይሲን፣ ኪኒን (የወባ መድኃኒቱ)፣ ብዙ አስፕሪን ጆሮን ሊያስጮኹ ይችላሉ አለችኝ። ከዚያ 25 ጥያቄ ያለው ወረቀት ሰጠችኝ። ስለ ጆሮ ብቻ መስሎኝ ነበር። ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ንዴት፣ ከቤተሰብና ከጓደኛ ጋር ስላለኝ ነገር ይጠይቃል። «አዎ» 4፣ «አንዳንዴ» 2፣ «አይ» 0፣ ድምሩ ከ100። የእኔ 58 ሆነ፣ ከባድ ከሚባለው መደብ። በቅርቡ ስሞላው 34 ነው።

ይሄን ሁሉ ለማሽኑ አልሰጥም። እንቅልፉን ሰጥቶኛል፣ ቀሪውን ያመጣው ሌላ ነው። ለባለቤቴም ለጓደኞቼም በግልጽ ነገርኳቸው። አሁን ቤት ስንገባ ከግድግዳው በኩል ያስቀምጡኛል፣ አጠገቤ የተቀመጠ ሰው ፊቱን ወደ እኔ አዙሮ ያወራኛል። ለሥራ ደግሞ ድምፁን ሳያበላሽ 20 ዴሲቤል ገደማ የሚቀንስ የሙዚቀኛ የጆሮ መሰኪያ አለኝ። ቤት ውስጥ አላደርገውም፤ ፀጥ ባለ ቦታ ጆሮ ደፍኖ መዋል ነገሩን ያባብሰዋል። በጥናት በደንብ የተደገፈው በምክክር የሚሰጥ የሥነ ልቦና ሕክምና፣ ኮግኒቲቭ ቢሄቪየራል ቴራፒ የሚሉት ነው። ጩኸቱን አይቀንስም፣ ጭንቀቱን ይቀንሳል። ፋርማሲ የሚሸጠውን የጊንኮ (ከዛፍ ቅጠል የሚሠራ) ክኒን ግን እለፉት፤ የአሜሪካ የጆሮ ሐኪሞች በ2014 ባወጡት መመሪያ ጊንኮም ዚንክም ሜላቶኒንም ለዚህ አይመከሩም።

ማሽን ከመግዛታችሁ በፊት ሐኪም ማየት ያለባችሁም አላችሁ። አንድ ጆሮ ብቻ ከጮኸ፣ ከልብ ምት ጋር እኩል «ዱብ ዱብ» ካለ፣ ወይም በድንገት መስማት ከቀነሰ እህታችሁ ዕቃ እስክትልክ አትጠብቁ። በተለይ የመጨረሻው በቀናት ውስጥ መታየት አለበት።

ለዚህኛው ማሽን ከ5 ኮከብ 3 እሰጠዋለሁ። አንዱን በወፏ ቀነስኩ፣ አንዱን በባትሪው። ማብሪያው ላይ ያለችው ሰማያዊ መብራት ዓይን ታወጣለች፣ ፕላስተር ለጥፌባታለሁ። ሌላ ሰው ቢያስልክ ባትሪ ያለው፣ የማዳመጫ ቀዳዳ ያለው፣ ሮዝ ድምፅ ያለው ብሎ ይዘዝ። የድምፆቹ ብዛት ሃያ ሆነ አምስት ለውጥ የለውም።