ፍላሹን ትቶልን ለሄደው ቴክኒሻን፦ ምስጋናም ጥቆማም

ምስጋናው ዘግይቷል፣ ሳልጽፈው ብቀር ግን ይቆጨኛል። ዋይፋያቸው ጠፍቶ የነበሩትን የትምህርት ቤታችንን 18 ላፕቶፖች ላስነሳልን፣ ነገ ደግመው ቢወድቁ ደግሞ ያለ ኢንተርኔት እኛው ራሳችን እንድናነሳቸው አድርጎ ለሄደው ወንድማችን ነው። ኡቡንቱ የሚባለውን የኮምፒውተር ሲስተም የጫናችሁ፣ መስመር የሚቆራረጥባችሁ፣ የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊነት የተጣለባችሁ ሁሉ እስከ መጨረሻው አንብቡት። እሱን ባትጠሩት እንኳ አሠራሩን ትወስዳላችሁ።

ማሽኖቹ ላይ ያለው ኡቡንቱ 22.04 ነው። የዋይፋይ ቺፓቸው ብሮድኮም 43142 ስለሆነ ድራይቨሩ (ቺፑን የሚያሠራው ፕሮግራም) ከከርነሉ (ከሲስተሙ እምብርት) ጋር አብሮ አይመጣም። ቢሲኤምደብልዩኤል በሚባል ጥቅል ለብቻው ይገባል፣ ከርነል በተቀየረ ቁጥር ደግሞ ዲኬኤምኤስ የሚባለው ፕሮግራም እዚያው ማሽኑ ላይ እንደ አዲስ ይገነባዋል። በከርነል 6.2 ሁሉም ሰላም ነበር። ጥር 2016 ዓ.ም. 6.5 በአፕዴት ሲገባ ዋይፋይ የሚባል ነገር ጠፋ። 6.5 የተገነባው ጂሲሲ-12 በሚባል ኮምፓይለር (ከኮድ ፕሮግራም በሚሠራ መሣሪያ) ሲሆን የእኛ ማሽኖች የነበራቸው ጂሲሲ-11 ብቻ ነው። ድራይቨሩ ከርነሉ በተሠራበት ኮምፓይለር ልገንባ ይላል፣ ያጣዋል፣ ሳይገነባ ይቀራል። ቺፑም ኡቡንቱም አልበደሉንም፤ የጎደለው አንድ ጥቅል ነው። ግን ጂሲሲ-12ን ለማውረድ ዋይፋይ ያስፈልጋል፣ ዋይፋዩ ደግሞ ጂሲሲ-12ን ይጠብቃል። ያለን ኢንተርኔት የኬብል ቀዳዳ የሌላት የኪስ ዋይፋይ ናት።

ይህን ሁሉ ዛሬ እንዲህ አሳጥሬ ልጽፈው እንጂ ሦስት የጥገና ቤት ተንከራተናል። ስማቸውን አላነሳም፣ እግዜር ይይላቸው።

የመጀመሪያው «ካርዱ ተቃጥሏል» አለን። አሥራ ስምንት ካርድ በአንድ ሳምንት! ለእያንዳንዱ ማሽን የዩኤስቢ ዋይፋይ እንድንገዛ ዋጋ ጽፎ ሰጠን። ሁለተኛው 7 ማሽን ፎርማት አድርጎ በየማሽኑ አስከፈለ። በራሱ ኬብል አፕዴት ስላደረጋቸው ሲመለሱ ያው 6.5 ላይ ነበሩ፣ ያው ዋይፋይ የላቸውም፤ የልጆቹ ፋይል ብቻ በከንቱ ጠፋ።

ሦስተኛው ይብሳል፤ «ከርነሉን ባካፕ አድርጌላችኋለሁ» ብሎ ፍላሽ አስረከበን። ፍላሹ ሲከፈት ያለው ከቡት ፎልደር የተቀዱ ሁለት ፋይሎች ናቸው፤ ቪኤምሊኑዝ (ከርነሉ ራሱ) እና ኢኒትአርዲ (ማሽኑ ሲነሳ ለጊዜው የሚጠቀምበት ፋይል)። እነዚህ ማሽኑን ማስጀመር ይጀምራሉ፣ ነገር ግን የዋይፋዩ፣ የድምፁ፣ የአብዛኛው ዕቃ ሞጁል (ከርነሉ ሲያስፈልገው የሚጭነው የድራይቨር ፋይል) ያለው በሊብ ሥር ባለው የሞጁልስ ፎልደር ውስጥ፣ በከርነሉ ቁጥር በተሰየመው ክፍል ነው። እሱ ከሌለ ከርነሉ እጅ እግር የለውም። ፎልደሩን ቢቀዳው ኖሮ እንኳ ፍላሹ ፋት32 በሚባለው ዓይነት ፎርማት የተደረገ ስለሆነ ሊንኮቹና ፈቃዶቹ አይተርፉም ነበር። በዚያ ላይ «አፕዴት እንዳይገባ ቆልፌዋለሁ» ያለው ሊኑክስ-ጄነሪክ የሚባለውን ጥቅል ነው። የእኛ ማሽኖች ላይ ያለው ግን ሊኑክስ-ጄነሪክ-ኤችደብልዩኢ-22.04 ነው። የሌለ በር ቆልፎ ቁልፉን ሰጠን ማለት ነው።

ወደ ወንድማችን ልመለስ። ሲመጣ ቦርሳውን እንኳ ሳይከፍት «ሲሠራ የነበረውን የከርነል ቁጥር የሚያውቅ አለ?» ብሎ ጠየቀ። ማንም አላወቀም። አንዱን ላፕቶፕ አጥፍቶ አበራና ኢስኬፕ ደጋግሞ ተጫነ። የግራብ (ከርነል የሚያስመርጠው ማስነሻ ፕሮግራም) ሜኑ ሲመጣ «አድቫንስድ ኦፕሽንስ» ውስጥ ገባ። 6.2.0-39-ጄነሪክ እዚያው ቁጭ ብሏል። መረጠው፣ ተነሳ፣ የዋይፋይ ምልክቷ ጥግ ላይ ብቅ አለች። ሦስት ደቂቃ አልፈጀም። ፎርማት ባልተደረጉት 11 ማሽኖች ሁሉ አሮጌው ከርነል አልተነካም ነበር። ያ ሁሉ ገንዘብ የወጣው ሜኑ ከፍቶ የሚያይ ሰው ጠፍቶ ነው።

እዚህ ላይ ሒሳቡን ተቀብሎ መሄድ ይችል ነበር። አልሄደም። «ጋሼ፣ ይሄ ነገር ሳይበላሽ ነው የሚቀመጠው፤ አሁን በእጃችን እያለ እንያዘው» አለኝ።

አያያዙ እንዲህ ነው። በ«ዩኔም -አር» ትእዛዝ አሁን የሚሠራውን የከርነል ቁጥር አረጋገጠ። ቀጥሎ በ«ዲፒኬጂ -ኤል» ያ ቁጥር ያለባቸውን ጥቅሎች ዘረዘረ። አምስት ናቸው፦ ሊኑክስ-ኢሜጅ፣ ሊኑክስ-ሞጁልስ፣ ሊኑክስ-ሞጁልስ-ኤክስትራ፣ ሊኑክስ-ሄደርስ፣ አምስተኛው ደግሞ ሊኑክስ-ኤችደብልዩኢ-6.2-ሄደርስ። ብዙ ሰው የሚወድቀው በመጨረሻዎቹ ሦስት ነው። ኤክስትራ ከቀረ ማሽኑ ይነሳል፣ ግን ድምፅና ብዙ የኔትወርክ ድራይቨር አይኖረውም። ሄደርስ (ድራይቨር ሲገነባ የሚነበቡት የከርነሉ ፋይሎች) ከቀረ ዲኬኤምኤስ ምንም መገንባት አይችልም። አምስተኛው ስሙ ከሌሎቹ ስለሚለይ በ«ሊኑክስ-ሄደርስ» የፈለገ ሰው አያገኘውም፣ ያለ እሱ ግን አራተኛው አይጫንም። ኢኒትአርዲውን ማስቀመጥ አያስፈልግም፤ ኢሜጁ ሲጫን ማሽኑ ራሱ ይሠራዋል።

ከርነሉ ሲገባ የወረዱት ፋይሎች በአፕት ካሽ (በጫኚው ፕሮግራም ማከማቻ) ውስጥ አልነበሩም። «አፕት» በሚለው ትእዛዝ የተጫነ ነገር ከተጫነ በኋላ የወረደው ፋይል ይሰረዛል፣ «አፕት-ጌት» ግን ያስቀረዋል፤ ይህን ልዩነት ልብ በሉት። እሱ ያደረገው በፍላሹ ይዞት የመጣውን ዲፒኬጂ-ሪፓክ ጭኖ፣ ማሽኑ ላይ ተጭነው ያሉትን አምስቱን ጥቅሎች ወደ ዴብ ፋይል (አንድ ጥቅል ወደሚጫንበት ፋይል) መልሶ ማሸግ ነው። ከኢንተርኔት አንድ ባይት አልወረደም። አምስቱም ተደምረው 200 ሜጋባይት አይሞሉም። ዴብ ፋይል ፈቃዱንና ሊንኩን በውስጡ አጥፎ ስለሚይዝ ፋት32 ፍላሽ ላይ ቢቀመጥ ችግር የለበትም።

ከርነል ብቻውን ግን ዋይፋይ አይሆንም። መገንቢያዎቹ ዲኬኤምኤስ፣ ጂሲሲ-11፣ ሜክ፣ ሊብሲ6-ዴቭ፣ በመጨረሻም ድራይቨሩ ያስፈልጋሉ። ለእነዚህ የራሱን ስልክ በዩኤስቢ ኬብል ሰክቶ ዳታ አጋራን። የዩኤስቢ ቴዘሪንግ የዋይፋይ ድራይቨር አይፈልግም፤ ሦስቱም ቤቶች ይህን እንኳ አላሰቡም። ያወረደው ደግሞ ከሚሠራ ማሽን ላይ ሆኖ አይደለም። ከ22.04.1 አይኤስኦ (ከሙሉው የኡቡንቱ መጫኛ) አዲስ የተጫነ፣ ምንም ያልገባበት ማሽን አዘጋጅቶ «አውርድ እንጂ አትጫን» በሚለው አማራጭ አወረደ። ጂሲሲ ያለው ማሽን «አለኝ» ብሎ ብዙውን ይዘለዋል፣ ባዶው ግን የሚጎድለውን ሁሉ ይጠራል። በተለይ ሊብሲ6-ዴቭ ከሊብሲ6 (ፕሮግራሞች ከሚጋሩት መሠረታዊ ላይብረሪ) ጋር ቁጥር በቁጥር መግጠም አለበት። አይኤስኦው ላይ ያለው ሊብሲ6 አሮጌ ስለሆነ አዲሱ አብሮ ካልተቀመጠ ነገ ሁሉም ነገር እዚያ ላይ ይቆማል።

ሦስት ፎልደር አደረገው። 1 መሣሪያዎቹ፣ 2 ከርነሉ፣ 3 ድራይቨሩ። የእያንዳንዱን ፋይል ሻ256 ድምር (ፋይሉ አለመበላሸቱ የሚረጋገጥበትን ቁጥር) በአንድ ጽሑፍ ፋይል አስቀመጠና ሁሉንም በሁለት ፍላሽ ገለበጠ። «አንዱ ፍላሽ ይሞታል፤ የትኛው እንደሆነ ግን አይነግራችሁም» ብሎ አሳቀን።

አሁን ልቤን የነካው ቦታ። «ጨርሻለሁ» አላለም። የስልኩን ኬብል ነቀለ፣ የኪስ ዋይፋያችንን አጠፋ፣ የአንዱን ላፕቶፕ ዲስክ አውጥቶ ባዶ ዲስክ ከተተበት። ከዚያ ፍላሾቹን ለእኔ ሰጠኝና ወንበሩን ለቀቀልኝ። «እርስዎ ይጫኑ፣ እኔ አልነካም።» አይኤስኦው ተጫነ፤ 5.15 ነው። ፎልደር 1 ውስጥ ያሉትን ሁሉ በአንድ «ዲፒኬጂ -አይ» ጫንኩ። አንድ በአንድ ከሆነ እርስ በርስ ስለሚፈላለጉ ይጨቃጨቃሉ፣ በአንድ ትእዛዝ ሲገቡ ግን ተራውን ራሱ ያስተካክለዋል። ፎልደር 2ም እንደዚያው። እዚህ ላይ በቀጥታ ወደ 3 ልሄድ ስል እጄን ያዘኝ። መጀመሪያ ሪስታርት፤ አለበለዚያ ድራይቨሩ አሁን እየሠራ ላለው ለ5.15 ሊገነባ ይችላል። ተነሳ፤ 6.2 ከ5.15 ስለሚበልጥ ግራብ ራሱ አስቀደመው። ከዚያ ፎልደር 3።

ዋይፋዩ አልመጣም።

ደነገጥኩ፣ እሱ ግን ይጠብቀው ኖሯል። ሴኪዩር ቡት የበራባቸው ማሽኖች በማሽኑ ላይ የተገነባን ሞጁል ፊርማውን ካላወቁት አይቀበሉም። ድራይቨሩ ሲጫን የይለፍ ቃል የጠየቀን ለዚሁ ነበር። ሪስታርት ስናደርግ ሰማያዊ ስክሪን መጣ፤ «ኢንሮል ሞክ» (የፊርማውን ቁልፍ መዝግብ) የሚለውን መርጠን ያንኑ የይለፍ ቃል አስገባን። ይህን ስክሪን ችላ ብሎ ያለፈ ሰው ቀኑን ሙሉ ሲደክም ይውላል። ቁልፉ በየማሽኑ ስለሚፈጠር ከባዶ በሚጫን በእያንዳንዱ ማሽን ላይ መደገም አለበት። ማሽኑ ሲነሳ ዋይፋዩ አለ። ከባዶ ዲስክ እስከዚያ 45 ደቂቃ አልሞላም፣ ኢንተርኔትም አልነካንም። ስንቱ ባለሙያ ነው ሥራውን በደንበኛው እጅ አስፈትኖ የሚሄድ?

በ11ዱ ማሽኖች ላይ ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ አደረገ። 6.2 እዚያ የገባው በአፕዴት በኩል ስለሆነ «አውቶ» (በራሱ የገባ) ተብሎ ተመዝግቧል፣ አንድ ቀን አውቶሪሙቭ የሚባለው ማጽጃ ትእዛዝ ይጠርገዋል። አምስቱንም በ«አፕት-ማርክ ማኑዋል» አስመዘገባቸው። ሆልዱን (አፕዴት እንዳይገባ መቆለፊያውን) በትክክለኛው ስም፣ ኤችደብልዩኢ-22.04 ባለባቸው በሦስቱ ጥቅሎች ላይ አደረገ፤ አጠቃላዩ፣ ኢሜጁና ሄደርሱ። 6.5 ስላለ ግራብ እሱን ያስቀድማል፣ ስለዚህ ግራብ-ዲፎልት ላይ የሜኑውን ስምና የ6.2ን ስም በመካከላቸው የ«ይበልጣል» ምልክት አድርጎ፣ ከምልክቱ ፊትና ኋላ ክፍት ቦታ ሳያስገባ ጻፈ። ከዚያ አፕዴት-ግራብ። አንድ ፊደል ብትሳሳት ዝም ብሎ ወደ 6.5 ይመለሳል።

ጉዳቱንም አልደበቀንም። ሆልድ የተደረገ ከርነል የደህንነት ጥገና አያገኝም። «ይሄ መጠባበቂያ ነው፣ ቤት አይደለም» አለን። ጂሲሲ-12ን በአራተኛ ፎልደር ትቶልናል፤ ወደ ላይ መውጣት ስንፈልግ መጀመሪያ በአንድ ማሽን ሞክረን፣ ሆልዱን ፈትተን እንድንሄድ። እኔ በበኩሌ ይህን ከነገረን በኋላ ነው ሙሉ በሙሉ ያመንኩት።

ሁሉንም በእጁ በአማርኛ ጽፎ ካርቶን ላይ ለጠፈልን። ከላይ «እኔን መጥራት ሳያስፈልግ» ይላል። ሌሎቹ ደጋግመን እንድንመለስ ሲያደርጉን እሱ እንዳንፈልገው አድርጎ ሄደ። ሒሳቡም በማሽን ቁጥር ሳይሆን በሠራበት ሰዓት ነው፣ የሙከራውን ጭነት አላስከፈለም። እጁ ይባረክ፣ ያሳደጉት ወላጆቹ ይባረኩ።

ስሙና ስልኩ በአደባባይ እንዲጻፍ አልፈለገም። አዲስ አበባ ነው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ትምህርት ቤቶች ይወጣል። የምትፈልጉት በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አገናኛችኋለሁ። እባካችሁ ጥሩት፣ ለእንዲህ ያለ ሰው ሥራ ይብዛለት። እስኪመጣ ድረስ ግን አንድ በትክክል የሚሠራ ማሽን ካላችሁ ለይታችሁ አስቀምጡት፤ አፕዴት አታድርጉት፣ አውቶሪሙቭም አትምቱበት።