ጀልባ ላላችሁ የጎንደርና የጎርጎራ ወገኖች፦ በቀለም የተሸፈነ ተራ ኮምፔንሳቶ እንዳይሸጥላችሁ

ጎርጎራ ላይ ትንሽ ባለ ሸራ ጀልባ ያላችሁና የጀልባ ዕቃ ጎንደር ከተማ ለማሠራት ያሰባችሁ ወገኖች፣ በእኔ የደረሰው በእናንተም እንዳይደርስ ይህን ጽፌያለሁ።

የጣና ውኃ ዝቅ በሚልበት በግንቦት ወር የጀልባችን የመሃል ሳንቃ ከድንጋይ ጋር ተጋጭቶ የታችኛው ጫፉ ተሰነጠቀ። ይህ ሳንቃ ወለሉ ላይ ካለው ጠባብ ሰገባ ወደ ውኃ የሚወርድ፣ ነፋስ ከጎን ሲመታትም ጀልባዋ እንዳትንሸራተት የሚይዛት ክፍል ነው። ከተማ ውስጥ ያለ አንድ የእንጨት ሥራ ቤት «ውኃ ከማያበላሸው ኮምፔንሳቶ» አዲስ ሠርቶ በፋይበር ግላስ (በሙጫ ተነክሮ በሚጠነክር የመስታወት ክር ጨርቅ) ሊሸፍንልን በ14,000 ብር ተስማማንና ግማሹን ቀብድ ከፈልኩ። ደረሰኝ ስጠይቅ ሥራው ሲያልቅ እንደሚሰጠኝ ተነገረኝ፤ እኔም አምኜ ሄድኩ።

የተረከብኩት ሳንቃ ለዓይን ያማረ ነበር። ውኃ ውስጥ በገባ በዘጠነኛው ቀን ግን ወንድሜ ገመዱን ቢስብ ከሰገባው አልወጣ አለ። ጀልባዋን ዳር አውጥተን፣ በጎኗ አጋድመን፣ በመዶሻ እየመታን ስናወጣው ጠርዙ እንደ ተነከረ ደብተር ተገላልጦ ነበር፤ በጥፍሬ ስነካው ንጣፎቹ አንድ በአንድ ይላቀቁ ነበር። በሳንቃውና በሰገባው መካከል ያለው ክፍተት ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ በመሆኑ ትንሽ እብጠት እንኳ ይቀረቅረዋል። ሳንቃው የሚሽከረከርበት የብሎን ቀዳዳ ምንም ያልተቀባ ጥሬ እንጨት ነበር፤ ፋይበር ግላስ የተባለውም ስቱኮና የዘይት ቀለም ሆኖ ተገኘ።

ለቤት ዕቃ የሚውለው ኮምፔንሳቶ ብዙውን ጊዜ የሚጣበቀው ርጥበት በማይችለው በዩሪያ ፎርማልዴሃይድ ሙጫ ሲሆን፣ ለጀልባ የሚሆነው ግን የፈላ ውኃ እንኳ በማይፈታው በፌኖል ፎርማልዴሃይድ የተጣበቀው ነው። የኋለኛው የሙጫ መስመር ጠቆር ይላል፤ በመልክ ብቻ ግን አትመኑ። ሥራው ሳይጀመር መዳፍ የምታህል ቁራጭ ተቀብላችሁ ቤታችሁ ድስት ውስጥ ሁለት ሰዓት ያህል ቀቅሏት። እኔ ዘግይቼ የሞከርኳት ቁራጭ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላት ተበታተነች። የብሎኑም ቀዳዳ ሰፋ ብሎ ተቦርቡሮ፣ በኢፖክሲ (ሁለት ፈሳሽ ተደባልቆ በሚጠነክር ሙጫ) ተሞልቶና ደርቆ፣ ከዚያ በልኩ እንደገና መበሳት አለበት፤ ይህን ሲሠሩ ቆማችሁ እዩ።

ቅሬታዬን ይዤ ስሄድ ባለቤቱ «ውኃ ውስጥ አቆያችሁት» ብለው ገንዘቤን አልመልስም አሉ። ውኃ ውስጥ እንዲቆይ የተሠራ ዕቃ ሌላ የት ሊቆይ ይችላል? የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ ደረሰኝ እንዲሰጥ ያስገድዳል፤ ስለዚህ ለቀብዱም ቢሆን የዕቃው ዓይነትና የሙጫው ስም የተጻፈበት ደረሰኝ ሳትይዙ አንድ ብር አትክፈሉ።

ከሁሉ ይልቅ የሚቆጨኝ አሮጌው ሳንቃ ነው። ለልክ ብዬ የሰጠኋቸውን ጥለውታል፤ እርሱ ግን የተሰነጠቀው ጫፉ ብቻ ስለነበር በደንብ ደርቆ፣ ተፍቆ፣ በኢፖክሲና በፋይበር ግላስ ጨርቅ ቢጠገን ያገለግል ነበር። እናንተ ልኩን በካርቶን ቆርጣችሁ ስጡ፤ አሮጌውን ከቤታችሁ አታውጡ።